ያልወረደው እግር

የት ነው ብላችሁ አትልፉ፤ አገሩ ስም የለውም። ቢኖረውም በየዓመቱ ይታደሳል፣ ስለዚህ እናንተ የምታውቁት ስም የአምናው ነው የሚሆነው። ብቻ ሰዉ በአፉ መነጋገር ትቶ በቅል የሚነጋገርበት አንድ አገር ነበር።

ሲጀመር ነገሩ ክፉ አልነበረም፣ እውነት እንናገር። በቤተ መንግሥቱ እርሻ ላይ ጉድ የሆነ የቅል ዘር በቀለ። አንዱ ቅል ላይ ሲናገሩ፣ ከዚያው ሐረግ የተቆረጡት ቅሎች ሁሉ፣ የትም ይሰቀሉ የት፣ ያንኑ ድምፅ መልሰው ያወጣሉ። ድሮ ለገበያው አንድ ቅል ብቻ ነበር። ሰው ተሰልፎ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ላሜ ጠፋች፣ ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ቦቃ አላት" ብሎ ይመለሳል። ላሟ ትገኛለች። በቃ። ከዚያ ቅሉ በየሰፈሩ ሆነ፣ ከዚያ በየቤቱ። በየቤቱ ሲገባ ስለ ላም የሚያወራ ጠፋ። ቁርሱን የሚናገር መጣ፣ ቁርስ የተናገረውን የሚሰድብ መጣ፣ ተሳዳቢውን የሚሰድብ መጣ፣ በመጨረሻ "ምነው ትሰዳደባላችሁ፣ እናንተ ባለጌዎች" ብሎ ሁሉንም ጠቅልሎ የሚሰድብ መጣ።

ደግሞ ኳ የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው የተናገረው ደስ ያለው ሰው የራሱን ቅል በጣቱ ኳ ያደርጋል፤ ኳታው ተናጋሪው ቅል ውስጥ ይሰማል። ይኸው ነው። ኳ አይበላም፣ አይለበስም፣ ልጅ አይድርም። ግን ሰዉ ለኳ ሲል የማያደርገው የለም። አያቱ የሞተችበት ሰውዬ ሙሾውን አጣፍጦ አውርዶ ሲያበቃ "ኳ ማድረግ እንዳትረሱ" ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ቅሎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ሁለቱም ከአንድ እርሻ ነው የሚመጡት፤ ውስጣቸው ያው ባዶ ነው። ነጩ ግን ይወደዳል፣ ማንጠልጠያውም ለብቻው ነው የሚሸጠው። ነጭ ቅል ያለው ሰው "እሳት ተነሳ" ብሎ ለመጮህ እንኳ መጀመሪያ "ይህ ከነጭ ቅል የተላከ ነው" ይላል። ጥቁር ያለው ደግሞ "እኔ እንደፈለግኩ እፍቀዋለሁ፣ እንደፈለግኩ እበሳዋለሁ" እያለ ይኮራል። ፍቆት አያውቅም። በዚህ ነገር የተፋቱ አሉ።

ቢያድግልኝ ባለ ጥቁር ቅል ነበር። ቱግ ባይ ነው፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ። እህቱ ብርዛፍ ቤት ነው የሚኖረው፤ ባሏ ወደ ንጉሡ የቅል እርሻ ለአረም ስለሄደ፣ እሷም ወሯ ስለገባ፣ "አንተ አጠገቤ ሁን" ብላ አስቀምጣዋለች። እሱም አጠገቧ ነበር፣ አካሉ። አፉ ግን ከማለዳ ጀምሮ ቅሉ ውስጥ ነው። በቅል ሰው በስሙ አይጠራም፤ ለራሱ ስም ያወጣል። ቢያድግልኝ "ነበልባል" ነበር። ነበልባል የማይሰድበው ሰው፣ የማያውቀው ነገር አልነበረም። መንገድ ላይ ወጥቶ ሰው ሲያገኝ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። እሱ ብቻ አይደለም፣ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ በባዶ አፍ ሰውን ማናገር ራቁት እንደመውጣት ሆኗል። ጎረቤትህን "ደህና አደርክ" ልትለው ከፈለግክ ቤትህ ገብተህ፣ በርህን ዘግተህ፣ በቅል ትለዋለህ።

አሁን ወደ እድሳቱ እንምጣ፤ የነገሩ ሥር እሱ ነው።

የቅሎቹ ሁሉ የበላይ ሹም አፈ ቅል ይባላሉ። አፈ ቅል "ያልታደሰ ቅል ይሻግታል" ብለው አውጀዋል። ስለዚህ ዟሪ የሚባል ሹም በየቤቱ ይመጣል። እድሳቱ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ "ጥቃቅን ስንጥቆች ተደፍነዋል" ይባላል። የትኞቹ? አይባልም። የሚታየው ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ የቅሉ አፍ ቦታ ይቀየራል። አምና ከላይ ከነበረ ዘንድሮ ከጎን ይሆናል። ሽማግሌዎች ለሳምንት የቅሉን ቂጥ ሲያናግሩ ይሰነብታሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል፣ ሲለምዱት ደግሞ ይታደሳል።

ዟሪው ሲመጣ ብብቱ ስር የተጠቀለለ ብራና አለ። የእድሳት ውል ነው። ሊያነበው አፉን ሲከፍት ባለቤቱ "ተስማምቻለሁ" ይላል። ወጉ እንደዚያ ነው። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ልስማ ብሎ ተቀምጦ ሽበት አውጥቶ ነው የጨረሰው ይላሉ፤ ሲጨርስም ያለው "ተስማምቻለሁ" ነው፣ ሌላ መልስ የለማ። ከዚያ ዟሪው ቤቱን መዞር ይጀምራል። እሱ እስኪዞር የሚወጣ የለም፣ የሚገባ የለም። ክቡን የጣሰ ቤት ከቅል ይሰረዛል፤ ከቅል የተሰረዘ ደግሞ ቢወልድ አይታወቅለት፣ ቢሞት ቀባሪ አይመጣለት። መጀመሪያ ላይ ዟሪው ይፈጥናል፣ "ኧረ ይሄማ ሊያልቅ ነው" ትላለህ። የመጨረሻዋ እርምጃ ላይ ሲደርስ እግሩን ያነሳና ይቆማል። እንደ ሽመላ። ከፈለገ እስከ ማታ። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ያቺ የመጨረሻዋ እርምጃ ከቀሪው ዙር ሁሉ ትረዝማለች።

አልፈልግም ማለት አይቻልም። "ነገ ና" ማለት ግን ይቻላል። የእነ ብርዛፍ ሰፈር ክረምቱን ሙሉ "ነገ ና" ሲል ከረመ። እንዲህ ሲሆን ሕጉ፣ ነገ የተባለው ሁሉ ተጠራቅሞ ባላሰብከው ቀን ይመጣል ነው። መጣ። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ማለዳ ዟሪዎች ግር ብለው ገቡ፤ ለየቤቱ አንድ አንድ፣ ሰፈሩ በሙሉ ባንድ ጊዜ።

ቢያድግልኝ በዚያ ሰዓት ነጭ ርግብ ከምትባል ባለ ነጭ ቅል ጋር ተያይዟል። "ጥርስሽ አልቆ ነው ነጭ ቅል የምትጠቢው" ብሏት፣ ብዙ ኳ አግኝቶበት፣ ሞቆታል። በዚህ መሃል እንዳላማው የሚባል ዟሪ በሩ ላይ ቆሞ ብራናውን ሲፈታ፣ ቢያድግልኝ ፊቱን እንኳ ሳያዞር "ተስማምቻለሁ" አለ። ወዲያው ቅሉ ዝም አለ።

"ማነው?" አለች ብርዛፍ ከጓዳ።

"ዟሪ ነው።"

"ዛሬ? ነገ ና አትለውም ነበር? ወገቤን እኮ እየቆረጠኝ ነው።"

"ቶሎ ያልቃል።"

አላለቀም። እንዳላማው ዞሮ ዞሮ በሩ ላይ ሲደርስ ግራ እግሩን አነሳና ቆመ። ብርዛፍም ከጓዳ ጮኸች። ምጥ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ስለ ምጥ በቅል ብዙ የተከራከረ፣ ዓይቶ ግን የማያውቅ ወንድሟ ብቻ ነው።

በሰፈሩ አንድ አዋላጅ አለች፣ እማማ ደብሪቱ። ቤቷ ፊት ለፊት ነው፣ መንገዱን ተሻግሮ። ቢያድግልኝ በሩ ላይ ሲወጣ እሷም በሯ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ የእሷ ዟሪ እግሩን አንስቷል። ተያዩ። ወዲያው ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ፣ ነውር ነውና።

"ጋሼ" አለ ቢያድግልኝ ለእንዳላማው፣ "አዋላጇ ማዶ ናት።"

"አያታለሁ።"

"እህቴ ምጥ ይዟታል።"

"እሰማለሁ።"

"እና ልለፍ።"

"ተስማምተሃል እኮ ልጄ።"

"መቼ ነው እግርህን የምታወርደው?"

"ሲያልቅ።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ጥቂት ቀረው።"

"ቅድምም ጥቂት ነው ያልከኝ።"

"ያቺው ጥቂት ናት፤ አልተነካችም" አለ እንዳላማው። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል።

ቢያድግልኝ ተመልሶ ገባ። የደነገጠ ሰው የለመደውን ነው የሚያደርገው። ጓዳ ውስጥ የሟች አባቱ ጥቁር ቅል ነበረ፤ "ከዕድሜው የተነሳ እድሳት አይመለከተውም" ተብሎ የተጣለ፣ ተልባ የሚቀመጥበት። ተልባውን ገለበጠና አፉን ለጠፈበት። አሮጌው ቅል ማንም ስላላደሰው ደህና ነበር፤ አፉም አባቱ የተዉት ቦታ ላይ ነው።

"ወገኖቼ፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት፣ ዟሪ በር ላይ ቆሞብናል፣ አዋላጅ ማግኘት አልቻልንም፣ ድረሱልን" አለ።

አገር ሰማ። አገርም መለሰ።

"አይዞህ ወንድሜ።"

"አይዞህ ወንድማችን፣ ከጎንህ ነን።"

"ምን ዓይነት ቅል ነው የምትጠቀመው? ድምፅህ ይቆራረጣል።"

"ይሄ ጥያቄ አምና ተጠይቆ ተመልሷል። ከመናገራችሁ በፊት ብትፈልጉ ምናለ?"

"ቅሉን ገልብጠህ ደህና አድርገህ አራግፈው፣ ከዚያ መልሰህ ስቀለው። ለእኔ ሠርቶልኛል።"

"ሰውዬው ስለ ምጥ ነው የሚያወራው።"

"እኔም ስለ ምጥ ነው ያወራሁት።"

"ይህ ከነጭ ቅል የተላከ ነው። ነጭ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።"

"ውሸቱን ነው፣ ኳ ፈልጎ ነው። የምጥ ድምፅ እንዲህ አይደለም።"

"ለወላድ የሚሆን መቀነት አለን፣ ያለንበት ድረስ መጥታችሁ ጎብኙን።"

ከዚያ ኳታው ጀመረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እንደ በረዶ። ቢያድግልኝ በሕይወቱ ይህን ያህል ኳ ሰምቶ አያውቅም፤ ቅድም ነጭ ርግብን ሲሰድብ እንኳ። እና ምን ይደረጋል፣ ደስ አለው። እህቱ ከኋላው ምሰሶ ተደግፋ እያቃሰተች፣ ለአንዲት አፍታ ደስ አለው።

"ምን አሉ?" አለች ብርዛፍ።

"አይዞሽ ብለዋል።"

"እነማን?"

"አገር ሙሉ።"

"ማን መጣ?"

ቢያድግልኝ ዞሮ በሩን አየ።

"ደብሪቱስ ሰማች?"

"የሷ ቅል እየታደሰ ነው፤ አትሰማም።"

ብርዛፍ ምጡ እስኪያልፍላት ጠበቀችና ቀና አለች። "ቢያድግልኝ" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። "ሴትየዋ በር ላይ ቆማለች። ጆሮ አላት።"

እንግዲህ ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር ነው። ለዚያ አገር ሰው ግን ቀላል አይደለም። ቢያድግልኝ በእውነት አላሰበውም ነበር። አሮጌውን ቅል አስቀመጠና በሩ ላይ ወጣ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ እምቢ አለ። በቅል ሲሆን ድምፅ ይወፍራል፣ ያስተጋባል፤ በባዶ አፍ ግን እንደ ጫጩት ሲር አለችበት።

"እማማ ደብሪቱ።"

በየበሩ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየውና መልሶ አንገቱን ደፋ። አንዷ ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

"እማማ ደብሪቱ" አለ እንደገና፣ አሁን ጮክ ብሎ። "እህቴን ምጥ ይዟታል።"

አዋላጇ ዓይኗን አጥብባ አየችው። "ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው?" አለች። እሷም በባዶ አፏ ነው፤ ራቁትነቱ ተሰማት። "አንተ ነበልባል የምትባለው ነህ እንዴ? ጠዋት ጥርስሽ አልቋል ስትለኝ የነበርከው?"

ነጭ ርግብ እሷ ናት። ቢያድግልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር። "እኔ ነኝ እማማ።"

"በቅል ወፍራም ነበርክ።" ከዚያ ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አሳየችው። "እይ። ሙሉ ነው። አሁን ንገረኝ፣ እንሽርት ውሃው ፈሷል?"

"ፈሷል።"

"ገብተህ እይ፣ ምን ይታያል? ፀጉር ነው?"

ገባ፣ አየ፣ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እግር ነው" አለ። "ትንሽዬ እግር ነው።"

ደብሪቱ ፈገግታዋ ጠፋ። "በእግሩ ነው የመጣው። ይሄ በወሬ አይሆንም ልጄ፣ በቅልም በአፍም አይሆንም። እጄ ነው የሚያስፈልገው። ካልደረስኩ ሁለቱንም ታጣቸዋለህ።"

ቢያድግልኝ ከእንዳላማው እግር ስር ተንበረከከ።

"አትንካው" አለ እንዳላማው። "ትእዛዝ አልመጣም።"

"ትእዛዙ በምንድነው የሚመጣው?"

"በቅል ነዋ።"

"ቅሉስ የት ነው?"

"እየታደሰ ነው።"

"ሲታደስ ይሰማል?"

"አይሰማም።" እንዳላማው ይሄን ካለ በኋላ ትንሽ አሰበ። ሳያስብበት የኖረ ነገር እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

"ታዲያ በሌላ ጊዜ እንዴት ነው የምታወርደው?"

እንዳላማው ግራና ቀኙን አየ። "ሲደክመኝ" አለ፣ በሹክሹክታ።

"አሁን አልደከመህም?"

"ከደከመኝ ቆይቷል። ግን አፈ ቅል ራሳቸው መንገዱ ጫፍ ላይ በቅሎ ላይ ተቀምጠው እያዩን ነው። ዛሬ ቀድሞ ያወረደ እንጀራው አለቀ። ሁሉም አንዱ እስኪያወርድ ነው የሚጠብቀው።"

ከውስጥ ብርዛፍ ጮኸች፤ ይሄኛው ጩኸት እንደቅድሙ አይደለም። ቢያድግልኝ የሰውየውን እግር በሁለት እጁ ያዘ። ከባድ ነበር፣ ይንቀጠቀጣል። ቁልቁል ሳበውና መሬት ላይ አስቀመጠው።

ዱብ።

ሰፈሩ ትንፋሹን ያዘ። ምንም አልሆነም። ቅል አልፈነዳ፣ ጣራ አልወደቀ። እንዳላማው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ገለጠውና እግሩን አየው፣ መሬት ላይ ነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። "ኧረ የታባቱ" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ማዶ የደብሪቱ ዟሪ ይህን አየ። ማንም ሳይነካው የራሱን እግር አወረደ። ደብሪቱ ቀሚሷን ሰብስባ መንገዱን ተሻገረች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ የምትሮጥ ሴት አትታይም። ከዚያ ከቤት ቤት ዱብ፣ ዱብ እያለ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደ።

አፈ ቅል በቅሏቸውን ኮርኩረው መጡ። ከቢያድግልኝ ክንድ የማይርቅ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ግን እሳቸው በአፋቸው አይናገሩም። አሽከራቸው የብር አንገት ያለው ነጭ ቅል ወደ አፋቸው አቀረበ። ድምፃቸው በሰፈሩ ቅሎች ሁሉ ወጣ፤ የቅሎቹ አፍ በእድሳቱ ወደ ታች ዞሮ ስለነበር ድምፁ ከወለል ከወለሉ ነው የተሰማው።

"ይህ ቤት ካለፈቃድ ታድሷል። ስለዚህ የለም።"

አሽከሩ በሩን አመድ ቀባው። የቤቱ ቅል ዝም አለ። ቢያድግልኝ የአባቱን ቅል ደግሞ አውጥቶ ሰጣቸው፤ "ይሄም አለ፣ ውሰዱት" አላቸው። ምን እንዳሰበ እሱም አያውቅም። ውስጥ ደብሪቱ "ግፊ፣ ግፊ፣ አሁን ተይ፣ አትግፊ" እያለች ነበር፤ ጆሮው እዚያ ነው ያለው።

ሴት ልጅ ናት። ስትወጣ ሰማያዊ ነበረች፤ ደብሪቱ ዘቅዝቃ ቂጧን መታ መታ ስታደርጋት ሕፃኗ አለቀሰች። ብርዛፍም ደህና ሆነች።

አገሩ ይህን አልሰማም። አገሩ የሰማው "ድረሱልን" የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ነበልባል ጠፋ። ስለዚህ ለወራት ተከራከሩበት። ሴትየዋ ሞታለች ያሉ አሉ፣ መንታ ወልዳለች ያሉ አሉ፣ እህት የምትባል ከመጀመሪያው አልነበረችም ያሉ ይበዛሉ። አንዱ ግጥም አወጣላት፣ ኳ አገኘበት። ሌላው ግጥሙ ከእኔ የተሰረቀ ነው ብሎ ተጣላ። ጥቁሮቹ ጥፋቱ የነጮቹ ነው አሉ፤ ነጮቹ ምን እንዳሉ ታውቁታላችሁ።

ሰፈሩ ውስጥ ግን ሰው ያቺን ማታ አመድ ወደተቀባው በር መምጣት ጀመረ። መጥቶ ይቆማል። ምን እንደሚል አያውቅም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። አንዱ ቅቤ ይዞ መጥቶ አስቀምጦ ሮጠ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለችው ሴት ነበረች መጀመሪያ አፏን የፈታችው፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለች፣ ወደ ግድግዳው እያየች። ብርዛፍም "እናንተንም ያኑራችሁ" አለቻት። ሴትየዋ መልሱን በፊቷ ስትሰማ ደንግጣ ሳቀች።

እንዳላማው ከዟሪነት ተባረረ። አሁን ሰው እግሩን ሲያይ "እንዴት ነው፣ ወረደ?" ይለዋል፤ እሱም ይስቃል።

ብርዛፍ በወለደች ማግስት ጠዋት ደብሪቱ ገንፎ ይዛ መጣች። ቢያድግልኝ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ የሚሰድበው አጥቶ አፉ በልቶታል።

"በይ እማማ" አለ፣ ገንፎውን እየተቀበለ፣ "ጥቁር ቅል ባይኖር ኖሮ እኮ ትናንት ለአገር መጮህ አይቻልም ነበር።"

"ጮኸህ ማን መጣልህ?"

"መጮህ መቻሉ ነው ዋናው።"

"የእናንተ የጥቁሮች ነገር። አፉ የትኛው ጎን እንደሆነ እንኳ የማይታወቅ ቅል ይዘህ።"

"የአንቺ አሁን ወደ ታች አይደል? ተንበርክከሽ ነው የምታወሪበት።"

"ተንበርክኬም ከአንተ እበልጣለሁ፣ አንተ ጫጩት።"

"ጥርስሽን እንደገና ልየው እስኪ።"

ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ሲባል አይቶ አያውቅም፤ ስድቡ ከቅል ስድብ ይብሳል፣ ሁለቱም ግን አንድ ገንፎ ላይ ጎንበስ ብለው በየተራ ያጠቅሳሉ። አንዳንዱም የማውራት አምሮት መጣበት። "ነጭ ይሻላል" አለ አንዱ፣ እየፈራ። "ማን አባቱ ነው ያለው?" አለ ሌላው፣ እየተጠጋ። ጨዋታው ደራ፣ መንገዱ ሞላ፣ ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመረ።

ብርዛፍ ከጓዳ ራሷን ብቅ አደረገች።

"ዝም በሉ" አለች። "ልጅቷ ተኝታለች።"

ዝም አሉ። በዚያ አገር ሰው ዝም በል ሲባል ዝም ሲል ያን ቀን የመጀመሪያው ነው ይባላል።